«ስስታሙ» ጎጃም ገባ፤ ትኬቱ ያዋጣል?

መልሱን ከፊት እናስቀምጠው፤ ያዋጣል። በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አዳራሾች እየዞረ የታየው የፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት የሞሊየር «ስስታሙ» ለአዋቂ 150፣ ለተማሪ 80 ብር ነው። ከዕረፍት በፊት ያለው ክፍል ብቻውን ገንዘቡን ይመልሳል። ከዕረፍት በኋላ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ቡድኑ ምን ዓይነት ተዋናይ በእጁ እንደያዘ የዘነጋ ይመስላል፤ ሳቁ ሞልቶ ሳለ ሳቅ ሊለምን ይወጣል።

ተውኔቱን ላላነበበ ሰው ባጭሩ፦ አርፓጎን የፓሪስ ሰው ነው። ዕድሜው 60 ሞልቷል፣ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ገንዘቡ በአራጣ ወጥቶ በአራጣ ይገባል። ትናንት የተመለሰለትን 10,000 ኤኩ (የጊዜው የፈረንሳይ ገንዘብ) ወርቅ በሣጥን አድርጎ አትክልት ቦታው ውስጥ ቀብሯል፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ዕረፍት የለውም። ሴት ልጁን ኤሊዝን አንሰልም ለሚባል ጎልማሳ ባለጸጋ፣ ወንድ ልጁን ክሌአንትን ደግሞ ለአንዲት መበለት ሊድር ቆርጧል። ለራሱ ያሰባት ማሪያን የምትባል የደሃ ልጅ ናት፤ ክሌአንት በሥውር የሚወዳት እሷኑ ነው። የኤሊዝም ልብ ያለው ቫሌር ላይ ነው፤ እሱም ለፍቅሯ ሲል የአባቷ ቤት መጋቢ ሆኖ ተቀጥሯል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት ተጀምሮ ያልቃል።

ሞሊየር ተውኔቱን መጀመሪያ ያሳየው እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1668 በፓሪስ ፓሌ ሮያል ሲሆን፣ አርፓጎንን የተጫወተው ራሱ ነበር፤ ያኔ 46 ዓመቱ ነው። የታሪኩን ዐፅም የወሰደው ከጥንቱ ሮማዊ ጸሐፌ ተውኔት ከፕላውተስ ነው። የፕላውተሱ ሽማግሌ ግን ማሰሮ ሙሉ ወርቅ ድንገት ያገኘ ደሃ ነው፤ የሞሊየሩ ከድሮም ሀብታም ነው። ይህ ልዩነት ለተዋናዩ ብዙ ነገር ይወስናል። ደሃ ያገኛትን ሲደብቅ ሰው ይራራለታል። ቤተሰቡ እየተራበ ሠረገላና ፈረስ ያለው አባት ሲደብቅ ግን ርኅራኄው ይቀርና ሳቁ ይመጣል፣ ከሳቁ ሥር ደግሞ ቁጣ አለ። ሞሊየር ለአማርኛ መድረክ ባዳ አይደለም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሥራዎቹ ወደ አማርኛ መልሷል። አርፓጎን ግን ከሞሊየር አባቶች ሁሉ ለመጫወት የሚያስቸግረው ይመስለኛል።

የዚህ ዝግጅት ሀብት ዋናው ተዋናይ ነው። አርፓጎንን እንደ ቀልደኛ ሳይሆን እንደ ፈሪ ይጫወተዋል፤ ትክክለኛው መንገድም ይኸው ነው። መጀመሪያ ሲገባ የልጁን አሽከር ላ ፍሌሽን እያባረረ ነው። ሰርቀሃል ብሎ ይፈትሸዋል። «እጅህን አሳየኝ» ይላል፤ አሽከሩ ሁለት እጁን ይዘረጋል። «ሌሎቹን!» ፕላውተስ ዘንድ ሽማግሌው ሦስተኛውን እጅ ነው የሚጠይቅ፤ ቀልዱ ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ብዙ ተዋንያን ይህችን ቃል ለተመልካች ይወረውሯታል። ይህኛው ግን የአሽከሩን እጆች በየተራ ገልብጦ አየ፣ መዳፉን አሸተተ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌሎቹ እጆች የት እንደተደበቁ በእርግጥ እንደሚያውቅ ሰው «ሌሎቹን» አለ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሳቁ ዘግይቶ ነው የመጣ፤ ሲመጣ ግን ጣሪያውን አነቃነቀው። ተዋናዩ አልሳቀም፣ ወደ አዳራሹም አልዞረም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው።

አልባሳቱ ላይ አንድ ስሕተት አለ። አርፓጎንን ክርኑ የተጣፈ፣ ጠርዙ የተበላ ካቦርት አልብሰውታል። ካቦርቱ ራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በጎጃም ብርድ ካቦርት የለበሰ አባወራ የማያውቅ የለም። ጥፉ ግን ከልክ አልፏል፤ ሰውየው ለማኝ መሰለ። ሞሊየር ከሞተ በኋላ በተመዘገበው ንብረቱ ውስጥ የአርፓጎን ልብስ ተዘርዝሯል፤ ካባው፣ ሱሪውና ኮቱ ጥቁር ሳቲን ነው፣ በጥቁር ሐር ዳንቴል የተከፈፈ። ደህና ጨርቅ ነው። አስቂኝ የሚያደርገው ፋሽኑ ማለፉ ነው፤ አገናኟ ፍሮዚን የምታሞግሰውም የድሮ ስልት አንገትጌውን ነው። ስለዚህ ካቦርቱ ንጹሕ፣ የተተኮሰ፣ ግን የአያት ዘመን ስፌት ይሁን። ጥፍ ካስፈለገ አንድ ይበቃል፤ እሱም በራሱ እጅ የተሰፋ መሆኑ በክሩ ቀለም ይታወቅ።

በመጀመሪያው ገቢር ኤሊዝን ለአንሰልም ሊድር ሲል የሚደጋግማት ቃል አለች። ሙሽራው ከልጅቱ ጋር ምንም ገንዘብ አልፈልግም ብሏል። ዝግጅቱ ይህን «ያለ ሰባራ ሳንቲም!» ብሎ አምጥቶታል፤ እሰየው ነው። ቫሌር ጋብቻ የዕድሜ ልክ ነገር ነው፣ የልጅቱ ልብም ይታይ፣ የዕድሜ ልዩነቱም ይታሰብ እያለ በጨዋ ደንብ ይከራከራል። አርፓጎን ለሁሉም መልሱ አንድ ነው። እዚህ የሚወድቁ ቡድኖች ቃሉን በየጊዜው እያጮኹ ነው የሚሉት። የዚህኛው ተዋናይ መጀመሪያ እንደ ዜና፣ ቀጥሎ እንደ ማስረጃ፣ ኋላ እንደ ጸሎት አለው፤ በመጨረሻ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፁን አዳራሹ ጨረሰለት። ከዚያ ውሻ ይጮኻል፣ አርፓጎን ወደ ተቀበረው ወርቅ ይሮጣል። ቡሬ ላይ የውጭ እውነተኛ ውሻ ከተቀዳው ድምፅ በፊት ቀድሞ ጮኾ ነበር፤ ተዋናዩ ለዚያኛውም ሮጠ። ቡድኑ ሲቀጥር እንዲህ ያለ ጆሮ ያለውን ነው የመረጠ።

ከሁሉ የበለጠው የብድሩ ትዕይንት ነው፣ ረጋ ብለን እንየው። ክሌአንት 15,000 ፍራንክ ይፈልጋል። አበዳሪው ስሙን ደብቆ በደላላ በኩል ውል ልኳል፤ ላ ፍሌሽ ያነብለታል። ወለዱ በመግቢያው 5.5 በመቶ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 የወጣው የፈረንሳይ ንጉሥ አዋጅ ከፈቀደው 5 በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ የሚያስደነግጥ የለውም። ቀጥሎ ግን አበዳሪው ገንዘቡ በእጄ ስለሌለ ከሌላ ሰው በ20 በመቶ እበደራለሁ፣ እሱንም ተበዳሪው ይሸፍናል ይላል። ድምሩ ከ25 በመቶ ያልፋል። ይህም አልበቃ፤ ከ15,000ው 12,000 ብቻ በጥሬው ይሰጣል፣ የቀረው 3,000 በዕቃ ነው። ዕቃው ሲቆጠር አልጋ፣ ምንጣፍ፣ ጠመንጃ፣ የሸክላ ምድጃ፣ ክሩ ሊሟላ ጥቂት የቀረው የቦሎኛ ክራር መሰል መሣሪያ፣ በሣር የተሞላ የእንሽላሊት ቆዳ።

ችግሩ ይህ ዝርዝር ረጅም መሆኑ ነው። የፓሪስ ዕቃ ለፍኖተ ሰላም ተማሪ ምኑም አይደለም፣ አምስተኛው ዕቃ ላይ አዳራሹ ማውራት ይጀምራል። ዝግጅቱ በብልሃት አልፎታል፤ ግማሹን ቆርጦ በቀረው ውስጥ አገርኛ አስገባ። እግሩ የጎደለ ርቦ አልጋ፣ አፉ የተሸረፈ ጋን፣ «ክሩ ሊሟላ አንድ ብቻ የቀረው መሰንቆ»። መሰንቆ ከመጀመሪያውም ክሩ አንድ መሆኑን የሚያውቅ አዳራሽ ይህችን ሲሰማ ለሁለት ደቂቃ ያህል መቀጠል አልተቻለም። እንሽላሊቱን ግን እንዳለ ትተውታል፣ ደግ አደረጉ፤ ማንም ሊገምተው የማይችል አንድ ዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ መቅረት አለበት።

ከዚያ ደላላው አበዳሪና ተበዳሪን ያገናኛል። ተበዳሪው አባቱ በስምንት ወር ውስጥ እንደሚሞት ዋስ ይሆናል ሲባል አርፓጎን «ይህስ ጥሩ ነገር ነው» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ስለ ራሱ ሞት እንደሚወራ አያውቅም። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ሲተያዩ ተዋናዩ የሚሠራው ነገር ሊታይ የሚገባው ነው። አልጮኸም። ቀስ ብሎ ውሉን ከደላላው እጅ ወስዶ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ልጁን ከማየቱ በፊት ወረቀቱን አዳነ።

ፍሮዚንን የምትጫወተው ተዋናይት ቃል አትውጥም፣ ይህም ለዚህ ትዕይንት ግዴታ ነው። ማሪያን ምንም ባይኖራትም በዓመት 12,000 ታስገባልሃለች ብላ ታሰላለታለች፤ ሰላጣ፣ ወተት፣ አይብና ፖም ስለሚበቃት ከምግብ 3,000፣ ልብስና ጌጥ ስለማትወድ 4,000፣ ቁማር ስለማትጫወት 5,000። ተዋናይቱ ሂሳቡን በጣቷ እየቆጠረች አርፓጎን መዳፍ ላይ «ታስቀምጠዋለች»። አርፓጎን መዳፉን ይጨብጣል፣ ይከፍታል፣ ባዶ ነው። ያልወጣ ወጪ ገቢ አይባልም ብሎ የሚሟገተው እሱ ብቻ ነው፣ እውነቱም ከእሱ ጋር ነው፤ ስስታሙ ትክክል ሲሆን ይበልጥ ያስቃል። አንድ ወቀሳ ግን አለ። ሳሉ። ሞሊየር ደረቱ ታማሚ ስለነበረ ሳሉን ተውኔቱ ውስጥ አስገብቶታል፤ ፍሮዚን ሲያስል እንኳ ያምርብዎታል የምትለው ለዚህ ነው። ተዋናዩ ግን ከመጀመሪያው ገቢር እስከ መጨረሻው ይስላል። እዚህ ሲደርስ ሙገሳዋ የሚያርፍበት አዲስ ነገር የለም። ሳሉ እዚህ ትዕይንት ላይ ይጀምር።

የእራቱ ዝግጅት በጎጃም ልዩ ዕድል አለው። ሜትር ዣክ የቤቱ ወጥ ቤትም ባለሠረገላም ነው፤ አርፓጎን ሁለት ሰው አይቀጥርም። ሽርጥ ሲያጠልቅ ምግብ አብሳይ፣ ሽርጡን አውልቆ ኮት ሲደርብ ባለፈረስ። ለአሥር ሰው እራት ሲታዘዝ አርፓጎን ለስምንት ሥራ ይላል፤ ለስምንት የበቃ ለአሥር ይበቃል። ከዚያ ሜትር ዣክ ከተማው ስለ ጌታው የሚያወራውን እንዲናገር ይገደዳል። ጌታው የጾሙን ቀናት እጥፍ የሚያደርግ የቀን መቁጠሪያ ያሳትማል፣ ቤተሰቡን በጾም ሊያተርፍበት። በዓመት መለወጫ ስጦታ እንዳይሰጥ ከአሽከር ጠብ ይፈልጋል። የተረፈ የበግ ሥጋ በላች ብሎ የጎረቤት ድመት ከስሷል። የጾሙ ቀልድ በፓሪስ ምን ያህል እንደሚያስቅ እንጃ፤ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ መሪጌቶች በተቀመጡበት አዳራሽ ግን ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም። ስጦታውም እንቁጣጣሽ ተብሎ ሲመጣ ያለ ማብራሪያ ገባ።

ፈረሶቹም እንዲሁ። ሜትር ዣክ ፈረሶቹ ከመራባቸው የተነሳ የፈረስ ጥላ ሆነዋል ይላል፣ እኔ ከአፌ ቀንሼ አበላቸዋለሁ ብሎ ያለቅሳል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ሲያይ የኖረ ተመልካች ለፈረስ ያዝናል፤ እዚህ ላይ ሳቁ ቆም ብሎ ከንፈር መምጠጥ ተሰማ። ወዲያው አርፓጎን የገዛ ፈረሶቹን ገብስ በሌሊት ሲሰርቅ በቀድሞው ባለፈረስ ዱላ መቅመሱ ሲነገር ሁሉም ተደሰተ። ዝግጅቱ አጃውን በገብስ መለወጡ ያስመሰግነዋል። ያመለጠው ነገር ቢኖር አባባሉ ነው። ቫሌር «ለመኖር ይበላል እንጂ ለመብላት አይኖርም» ይላል፤ አርፓጎን ተደስቶ በወርቅ ፊደል አጽፌ ከምድጃው በላይ እሰቅለዋለሁ እያለ ሲደግመው ይገለብጠዋል። ተዋናዩ በፍጥነት ስላለው ግልበጣው አልተሰማም። ቃሉ ሲገለበጥ አንድ ትንፋሽ ይጠብቅ።

ከዕረፍት በኋላ ያለው ጉድለት የሚጀምረው ከሣጥኑ ነው። ላ ፍሌሽ ከአትክልቱ ቆፍሮ ይዞት የሚመጣው ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን የሙሽራ ሣጥን ነው፤ በአንድ እጁ ነው የሚያንጠለጥለው። ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ በአምስተኛው ገቢር ሜትር ዣክ ቫሌርን በሐሰት ሲወነጅል መርማሪው ሣጥኑ ምን እንደሚመስል ይጠይቀዋል። ትልቅ ነው ይላል፤ አርፓጎን የኔው ትንሽ ነው ሲለው፣ አዎ ትንሽ ነው፣ ትልቅ ያልኩት በያዘው ገንዘብ ነው ይላል። ቀይ ነው ይላል፤ ግራጫ ነው ሲባል ግራጫ-ቀይ ማለቴ ነው ይላል። ሣጥኑ በእርግጥ ትልቅና ቀይ ከሆነ ሜትር ዣክ ዋሾ ሳይሆን የዓይን ምስክር ሆነ። ትዕይንቱ ሞተ። ፍኖተ ሰላም ላይ አንድም ሰው ሳይስቅ አለፈ።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። 10,000 ኤኩ ማለት በሌላው የፈረንሳይ ገንዘብ 30,000 ሊቭር ነው። በጊዜው ሉዊ የሚባለው አንድ የወርቅ ሳንቲም 11 ሊቭር ገደማ ቢሆን፣ ሣጥኑ ውስጥ 2,700 ያህል ሳንቲም አለ፤ አንዱ 6.7 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ጠቅላላው 18 ኪሎ ይጠጋል። ወርቅ እምቅ ስለሆነ ይህ ሁሉ ሁለት ሊትር በሚይዝ ጆግ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ፣ ግራጫ፣ ለዓይን ቀላል፣ ለክንድ ግን ከባድ ሣጥን ነው። በአሸዋ መሙላት አያዋጣም፤ በዚያ መጠን ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ከጋራዥ የሚጣል ብሎንና ዳዶ ይሞላ፤ 8 ወይም 9 ኪሎ ይወጣዋል፣ ለትወና ይበቃል። በመሐል በመሐል ጨርቅ ይጠቅጠቅ፣ አለዚያ ብረት ብረት ይላል። ከላይ አንድ እፍኝ ሳንቲም ይደረግ፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚሰማው እሱ ነው። ታችኛው ወለል በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይታሰር፤ በሚስማር የተመታ ሣጥን በሦስተኛው ምሽት ወለሉ ተገንጥሎ ይወድቃል። ላ ፍሌሽ ትከሻው ሲዘም ያየ ተመልካች አርፓጎን ለምን እንደሚያብድ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

እብደቱ የሚመጣው በአራተኛው ገቢር መጨረሻ ነው። አርፓጎን ወርቁ መጥፋቱን አይቶ ሌባ፣ ነፍሰ ገዳይ እያለ ይገባል፤ የገዛ ክንዱን አፈፍ አድርጎ ገንዘቤን መልስ ይላል፣ ከዚያ የያዘው ራሱን መሆኑን ያያል። ተመልካቹን ይጠረጥራል፣ ሲስቁ ያያል፣ ሁሉንም ሊያሰቅል፣ ወርቁ ካልተገኘ ራሱም ሊሰቀል ይዝታል። ንግግሩ አንድ ገጽ ቢሆን ነው፤ በደንብ ቢጫወቱት አራት ደቂቃ። እዚህ ግን ሩብ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ተዋናዩ ከመድረክ ወርዶ ኪስ ይፈትሻል፣ ያም ያምራል፤ ሞሊየርም አዳራሹን ተጠርጣሪ ያደረገው ለዚህ ነው። ነገሩ የጠፋው «ገንዘቤን በቴሌብር ላኩልኝ» ሲል ነው። አዳራሹ በሳቅ ሞተ፣ አልክድም። ግን ቴሌብር ያለው ሰው ወርቅ አትክልት ውስጥ ለምን ይቀብራል? የሰውየው ፍርሃት ሁሉ ማንንም አለማመኑ ነው፤ በአንድ ቀልድ ሁለት ሰዓት የተገነባው ፍርሃት ተናደ። ከዚያ ወዲያ ተዋናዩ ራሱ አርፓጎንን አላገኘውም፤ ኪስ መፈተሹ ጨዋታ ሆነ፣ ተማሪዎቹም ካቦርቱን ይጎትቱ ጀመር።

ከዚህ በፊት ያለችው የእርግማን ትዕይንት ሌላዋ ያልተያዘች ናት። አባትና ልጅ በማሪያን ተጣልተው፣ አርፓጎን ልጁን እክድሃለሁ፣ አልወርስህም ካለ በኋላ እረግምሃለሁ ይላል። ክሌአንት ስጦታዎን አልፈልግም ብሎ ይመልሳል። ፈላስፋው ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1758 ተውኔቱን ያወገዘው በዚህች መልስ ነው፤ ስስት ክፉ ነው፣ ልጅ አባቱን ሲዘርፍና በእርግማኑ ሲቀልድ ግን የባሰ አይደለም ወይ አለ። ፓሪስ ላይ ክርክር ነው፤ ጎጃም ላይ ግን የአባት እርግማን ክርክር አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ በስማም!» ስትል ተሰማ። አዘጋጁ ከዚህ ዝምታ የበለጠ ምንም ሊያገኝ አይችልም ነበር። ክሌአንት ግን እየሳቀ፣ እጁን እያወናጨፈ መለሰና ዝምታውን ገደለው። ቃሉን ዝቅ ብሎ፣ ፊቱን አዙሮ ቢለው አባትዬውም ልጅዬውም የደረሱበት ጥግ ይታይ ነበር። ኮሜዲው ከዚያ ሲመለስ ደግሞ በእጥፍ ያስቃል።

አንድ የሚያስመሰግን ሥራ ግን ከዕረፍት በኋላም አለ። ቫሌር ተከስሶ ሲቀርብ አርፓጎን የሚጠይቀው ስለ ሣጥኑ ነው፣ ቫሌር የሚናዘዘው ስለ ኤሊዝ ነው። ሁለቱም «እሷ» እያሉ ነው የሚነጋገሩ። ይህ በአማርኛ የሚቻለው አርፓጎን ከመጀመሪያው ገቢር ጀምሮ ሣጥኑን በአንስታይ፣ በቁልምጫ ሲጠራት ከኖረ ብቻ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን አስበውበታል፤ ገና በመግቢያው «ሣጥኒቱ» ይላታል፣ «የኔ እመቤት» ይላታል። ስለዚህ ቫሌር ክብሯን አልነካሁም፣ ዓይኖቿ ማረኩኝ ሲል፣ አርፓጎን «የሣጥኔ ዓይኖች?» ብሎ ሲደርቅ ምንም የተለጠፈ ነገር የለውም።

የሻማው ጨዋታም ደህና ነው። ከተዋንያን ወደ ተዋንያን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው፤ ውል ሲጻፍ ሁለት ሻማ በርቶ አርፓጎን አንዱን ያጠፋል፣ ሜትር ዣክ ያበራዋል፣ እንደገና ያጠፋዋል፣ በመጨረሻ ኪሱ ሲከተው ዣክ ከኋላው ያቀጣጥለዋል። እዚህ በጧፍ ነው የሠሩት፣ ጧፉ በጣት ሲቆነጠጥ ቶሎ ይጠፋል፣ ክሩ ገና ትኩስ ስለሆነም ቶሎ ይያያዛል። ካቦርቱ የሱፍ መሆኑ ጠቅሟል፤ ሱፍ እሳት ቶሎ አይዝም። የዚህ ጨዋታ አደጋ ፖሊስተር ላይ ነው፣ ቀልጦ ሥጋ ላይ ይጣበቃል። ሱፍም ቢሆን ኪሱ ውስጥ የተቆረጠ ጣሳ ገብቶ በክር ይወጠር፣ አጠገብ ውሃ የያዘ ባልዲ ይኑር።

መጨረሻው ላይ ቸኩለዋል። አንሰልም የቫሌርና የማሪያን የጠፋ አባት ሆኖ ይገኛል፣ ሁለቱም ሠርግ ይፈቀዳል፤ አርፓጎን ግን ወጪውን አንሰልም ይቻል፣ ለሠርጉም ልብስ ያሰፋልኝ ይላል። ሁሉም ወደ ደስታቸው ሲሄዱ እሱ ውድ ሣጥኑን ሊያይ ይሄዳል፤ የተውኔቱ የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። እነሱ ግን ቃሉን ቆርጠው በሠርግ ዘፈንና በእስክስታ ዘግተውታል፣ አርፓጎንም ትከሻውን እየሰበቀ አብሮ ጨፈረ። ያ ሰው አይጨፍርም። መጨፈሩ ቢቀር እንኳ ለዘፋኞቹ ሽልማት ሲለጠፍ እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ ባዶውን መመለስ ነበረበት።

ቡድኑን ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ወረዳ አዳራሽ ማስመጣት ለሚያስብ፦ መጀመሪያ ጣሪያውን ይይ። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ማሳየት ገንዘብ መጣል ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ማይክሮፎን እንኳ አያድንም። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ይጀምር። መድረኩ ከስድስት በአምስት ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ሦስት መውጫ የግድ ነው፣ ወደ ቤት፣ ወደ አትክልት፣ ወደ መንገድ። ሁለት ብቻ ከሆነ አርፓጎን ወደ ወርቁ ሲሮጥ ወደ ማዕድ ቤት የገባ ይመስላል። የደረት ማይክሮፎን ሁለት ብቻ ስላላቸው አባትዬውና ፍሮዚን ናቸው የሚይዙት፤ ኤሊዝና ማሪያን ከስምንተኛው ረድፍ ወዲያ አይሰሙም። የጽሑፉ 15 ገጸ ባሕርያት በአሥር ሰው ይሸፈናሉ፣ ደላላውና አንሰልም አንድ ተዋናይ ናቸው፤ ጢሙ ብቻ ይለያቸዋል፣ ጢሙም አንዴ ተላቅቆ ነበር። ከዕረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ከአርባ ይፈጃል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የብድሩን ሂሳብ አይከተሉም። ሦስተኛው ረድፍ፣ በመተላለፊያው ዳር የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ኪሱ እንደሚፈተሽ አውቆ ይቀመጥ።